በቃላት የተሠራ ዋሻ

የኮምፒዩተር ጨዋታ ሲባል ወዲያው በዓይነ ሕሊናችሁ የሚደቀነው ምን እንደ ሆነ መገመት አያዳግትም፤ የሚበር መኪና፣ የሚተኩስ ወታደር፣ ኳስ የሚያንከባልል ተጫዋች፣ ይህንንም ሁሉ የሚያጅብ ድምፅና ቀለም ነው። አሁን ላነሣላችሁ የፈለግሁት ጨዋታ ግን ከእነዚህ አንዱም የለውም። ሥዕል የለውም፤ ድምፅ የለውም፤ ያለው ጽሑፍ ብቻ ነው። ኮምፒዩተሩ የቆማችሁበትን ስፍራ በጥቂት ዐረፍተ ነገሮች ይገልጽላችኋል፤ እናንተም ልታደርጉ ያሰባችሁትን በአንድ ወይም በሁለት ቃል ጽፋችሁ ትመልሱለታላችሁ። ስሙ አድቬንቸር ይባላል፤ ነገሩም የሚፈጸመው ምድር ውስጥ በተዘረጋ ሰፊ ዋሻ ነው። ይህን ጨዋታ የሚጀምር ሰው እንዴት ቢጀምር ይሻለዋል በሚለው ላይ አስተያየት ሰጪዎች በሁለት ይከፈላሉ። እኔ ለአንደኛው ወገን አደላለሁና ምክንያቴን ላስረዳችሁ።

አስቀድሞ ስለ አመጣጡ ጥቂት ልበል። ዊል ክራውዘር የተባለ አሜሪካዊ የፕሮግራም ሠሪ፣ ለዛሬው ኢንተርኔት መሠረት በሆነው አርፓኔት ግንባታ በተካፈለ ኩባንያ ውስጥ ይሠራ ነበር። በዕረፍት ጊዜው ደግሞ ዋሻ መመርመር ይወድ ስለ ነበር፣ ከባለቤቱ ከፓት ጋር በኬንታኪ ክፍለ ሀገር የሚገኘውን የማሞዝ ዋሻ መተላለፊያዎች እየለካ ካርታቸውን ያነሣ ነበር። ይህ ዋሻ እስከ ዛሬ ከታወቁት ሁሉ ረጅሙ ሲሆን የተለካው ርዝመቱ ከ600 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ባልና ሚስቱ ከተለያዩ በኋላ ክራውዘር ለሴት ልጆቹ መጫወቻ ይሆናቸው ዘንድ የሚያውቀውን የዋሻውን ክፍል በቃላት ሠራላቸው፤ ይህም እ.ኤ.አ. በ1975 እና በ1976 ገደማ ነው። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ዶን ዉድስ ጨዋታውን አግኝቶ፣ ከክራውዘር ፈቃድ ጠይቆ፣ በ1977 አሰፋው፤ ዘራፊውን ጨመረበት፤ ሀብቶቹንም አበዛበት። ቀጥዬ የምጠቅሳቸው ቁጥሮች ሁሉ የዚህ፣ በድምሩ 350 ነጥብ ያለው የዉድስ ሥራ ናቸው።

ዴኒስ ጄርዝ የተባለ ምሁር በ2007 ባሳተመው ጥናት የክራውዘርን የመጀመሪያ ፕሮግራም ከእውነተኛው ዋሻ ጋር አስተያይቶ፣ የጨዋታው መልክዐ ምድር ምን ያህል ከዋሻው እንደ ተቀዳ አሳይቷል። ይህን የምነግራችሁ ለታሪኩ ማማር ብቻ አይደለም። የጨዋታው ገለጻ ካርታ ባነሣ ሰው የተጻፈ ስለ ሆነ ቃል አያባክንም። «ደረቅ የወንዝ ወለል ወደ ደቡብ ይወርዳል» የሚል ሐሳብ ካነበባችሁ መንገድ ተነግሯችኋል ማለት ነው። ልብ ወለድ ስናነብ የአገሩን ገለጻ ዘለል አድርገን ወደ ንግግሩ የመሮጥ ልማድ ያለን ሰዎች እዚህ ልማዳችንን ትተን መግባት ይኖርብናል።

ጨዋታው ሲጀምር ከአንድ መንገድ ዳር፣ ከትንሽ የጡብ ቤት ፊት ለፊት ቆማችኋል። ዙሪያው ጫካ ነው፤ ከቤቱም አንድ ጅረት ወጥቶ ቁልቁል ይወርዳል። ቤቱ ውስጥ ቁልፎች፣ የናስ ፋኖስ፣ ምግብና ውኃ የያዘ ጠርሙስ ተቀምጠዋል። ችኩል ጀማሪ ቤቱን ትቶ በቀጥታ ጅረቱን ተከትሎ ይወርድና ከተቆለፈ የብረት ፍርግርግ ፊት ይደርሳል፤ ያን ጊዜ ባዶ እጁን መሆኑን ያያል። ቁልፉን ብቻ ይዞ የሄደው ደግሞ ፍርግርጉን ከፍቶ ጥቂት እንደ ገባ ጨለማ ይውጠዋል። በጨለማ የሚራመድ ሰው ጉድጓድ ውስጥ ወድቆ ሊሞት ይችላል፤ ሞትም 10 ነጥብ ያስቀንሳል። ሁሉን እሸከማለሁ ማለትም አይቻልም፤ በአንድ ጊዜ ከ7 ዕቃ በላይ አያስይዝም።

ከሁሉ አስቀድሞ ኮምፒዩተሩ አንድ ጥያቄ ይጠይቃችኋል፤ መመሪያ ትፈልጋላችሁ ወይ? ይላል። እዚህ ላይ ኩራት አያስፈልግም፤ አዎን በሉ። አዎን ያለ ሰው 5 ነጥብ ያጣል፤ ነገር ግን ፋኖሱ 1000 ያህል ተራ ይበራለታል። አያስፈልገኝም ያለው የሚያገኘው 330 ተራ ብቻ ነው። ከደጅ ሳላችሁ ፋኖሱን ካጠፋችሁት አይቆጠርባችሁም።

እንግዲህ ወደ ክርክሩ እንግባ። የመጀመሪያዎቹ ሰዎች እንዲህ ይላሉ፤ «የጨዋታው መፍትሔ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተጽፎ ይገኛል። ተማሪ ጊዜ የለውም፤ በየትምህርት ቤቱም አንዱን ኮምፒዩተር ብዙ ልጆች ይጋሩታል። ጨዋታውም በእንግሊዝኛ ነው። አንድ ቦታ ተይዞ ግማሽ ሰዓት ከሚፈዝ፣ መፍትሔውን ከጎኑ አድርጎ ቢሄድ ሁሉንም ያያል፤ እንግሊዝኛውንም ይለማመዳል።» ይህ ቀላል መከራከሪያ አይደለም። በተለይ የኮምፒዩተሩ ተራ አጭር መሆኑ እውነት ነው፤ ተስፋ ቆርጦ የተወው ልጅም ምንም አላተረፈም።

ይሁን እንጂ መፍትሔ ከጎኑ ያስቀመጠ ሰው ምን እንደሚሠራ ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። «ደቡብ» ይላል ወረቀቱ፤ ደቡብ ብሎ ይጽፋል። «ክፈት» ይላል፤ ክፈት ብሎ ይጽፋል። ኮምፒዩተሩ የሚመልስለትን አያነብም፤ የሚቀጥለው መሥመር ወረቀቱ ላይ አለና ለምን ያነባል? እንግሊዝኛ ይለማመዳል የተባለው ልጅ እንግሊዝኛውን ገልብጦት ሄደ እንጂ አልተለማመደውም። ሁሉን አየ የተባለውም ዓይኑ ያረፈው ወረቀቱ ላይ ነበር።

ደግሞም ዉድስ ራሱ እርዳታን አልከለከለም። ዋሻው ውስጥ አንዲት ወፍ አለች፤ መጀመሪያ ስትቀርቧት ዝም ትላለች፣ አንድ የተወሰነ ነገር በእጃችሁ ካለ ግን ደንግጣ አትያዝም። ምን እንደ ሆነ እኔ አልነግራችሁም። ለጥቂት ተራ ያህል ከታገላችሁ በኋላ ኮምፒዩተሩ ራሱ ወፏን ለመያዝ እየሞከራችሁ እንደ ሆነ ይጠይቅና፣ ለ2 ነጥብ ፍንጭ ልስጣችሁ ይላል። መተላለፊያዎቹ ሁሉ አንድ በሚመስሉበት በዚያ አስቸጋሪ ጥልፍልፍ ደግሞ እርዳታው የሚመጣው 75 ተራ ከቆያችሁ በኋላ ነው፤ ዋጋውም 4 ነጥብ ነው። ልዩነቱን አስተውሉ። ይህ እርዳታ ከትግል በኋላ ይመጣል፣ ዋጋ አለው፣ የሚመልሰውም የተጠየቀውን ብቻ ነው። የተሟላው መፍትሔ ግን ገና ያልጠየቃችሁትን ጥያቄ ሳይቀር አስቀድሞ ይመልስላችኋል። የኮምፒዩተር ተራ አጭር ነው ለሚለውም፣ ወረቀትና እርሳስ ተራ አይጠብቁም፤ ካርታውን ቤት ወስዶ ሲያሰላስሉት ማደር ይቻላል። ሦስት ሆኖ መጫወትም ይበጃል፤ አንዱ ይጻፍ፣ አንዱ ጮክ ብሎ ያንብብ፣ አንዱ ካርታ ይንደፍ።

ካርታውን በክበብና በቀስት ንደፉት፤ ደብተር ላይ ካሬ በካሬ የሚደረደር አይደለም። መንገዶቹ ጠማማ ናቸውና ወደ ሰሜን ሄዳችሁ በደቡብ ስትመለሱ የወጣችሁበት ክፍል ላይጠብቃችሁ ይችላል። ስለዚህ ለመሄጃው አንድ ቀስት፣ ለመመለሻው ሌላ ቀስት ያስፈልጋል። በክበቡ ውስጥ የክፍሉን ስም በአማርኛ ብትጽፉ መልካም ነው፤ ለመተርጎም ያነበቡትን መረዳት ግድ ይሆናልና።

ሰዋስውን ካነሣን አይቀር ስለ ትእዛዝ አንቀጽ አንድ ነገር ልጨምር፤ መቼም ይህ የሰዋስው መጽሐፍ ነው። ጨዋታው የሚቀበለው ትእዛዝ ግሱ ቀድሞ ስሙ የሚከተልበት ነው፤ እኛ «ፋኖሱን ውሰድ» የምንለውን እርሱ «ውሰድ ፋኖስ» ብላችሁ እንድትነግሩት ይፈልጋል። ከያንዳንዱ ቃልም የመጀመሪያዎቹን አምስት ፊደላት ብቻ ይመለከታል። ለእንግሊዝኛ ይህ ይበቃል። ከእናንተ መካከል አንዱ ወይም አንዷ እንዲህ ያለ ጨዋታ በአማርኛ ልሥራ ብሎ ቢነሣ ግን ነገሩ እንዲህ የቀለለ አይሆንም። «ውሰድ» ለወንድ፣ «ውሰጂ» ለሴት፣ «ውሰዱ» ለብዙዎች፣ «ይውሰዱ» ለአክብሮት ነው፤ በመጨረሻው የቃሉ መነሻ እንኳ ተለውጧል። «ፋኖስ» ተሳቢ ሲሆን «ፋኖሱን» ይሆናል፤ መስተዋድድ ሲገባበት «በፋኖሱ» ይሆናል። ፊደል መቁረጥ አይበቃም፤ ቃሉን ከነቅጥያው መተንተን ያስፈልጋል። ኮምፒዩተሩ ተጫዋቹን አንተ ይበል፣ አንቺ ይበል፣ ወይስ እርስዎ? ክራውዘር ይህን ጥያቄ ሊያነሣው አላስፈለገውም፤ የእኛ ሰው ግን የመጀመሪያውን መሥመር ከመጻፉ በፊት መወሰን አለበት። በእኔ ግምት ይህ ሥራ አንድ ጎበዝ ተማሪ ከመምህሩ ጋር ሊደፍረው የሚችል ነው። ኤሪክ ሬይመንድ የተባለ ፕሮግራም ሠሪ በ2017 የጨዋታውን አንድ የኋላ እትም ሙሉ ፕሮግራም በደራሲዎቹ ፈቃድ ለሕዝብ በነጻ ስላወጣው፣ አሠራሩን ከፍቶ ማየትም ይቻላል።

መፍትሔ አትመልከቱ ስል ግን እስከ መጨረሻው አይደለም። 15ቱን ሀብቶች ሁሉ ካገኛችሁ በኋላ ዋሻው ይዘጋል፤ ከዚያ የሚመጣው የመጨረሻ ክፍል ፍንጩ እጅግ የቀጠነ ስለ ሆነ፣ እዚያ ደርሶ የተያዘ ሰው ሌላውን ቢጠይቅ አልፈርድበትም። ከ350ው ነጥብ አንዷ ደግሞ የምትገኘው አንድ መጽሔት በአንድ የተወሰነ ክፍል ውስጥ ጥሎ በመሄድ ነው፤ ይህን አድርጉ የሚል ቃል በጨዋታው ውስጥ በግልጽ አይገኝም። ብዙ ጠንካራ ተጫዋቾች 349 ላይ የቆሙት በዚህች ምክንያት ነው። ይህችን አንዲት ነጥብ ጓደኛችሁ በጆሯችሁ ቢያንሾካሹክላችሁ እኔ ምንም አልናገርም።