ቢላዋው ሕክምና፣ ከረጢቱ የግል ጉዳይ?

ለመሆኑ የታማሚን ፊኛ ቆርጦ አውጥቶ፣ የሽንት ከረጢቱን ራስህ ፈልገህ ግዛ ማለት ሕክምና ይባላልን?

ስኩዌመስ ሴል የሚባለው የሽንት ፊኛ ካንሰር በአውሮፓና በአሜሪካ ብርቅ ነው። የቢልሃርዝያ እንቁላል የፊኛን ግድግዳ ለዓመታት በሚያስቆጣበት ምድር ግን እንዲህ አይደለም፤ በግብፅ ለብዙ አሠርት ዓመታት ከፊኛ ካንሰሮች ዋነኛው እርሱ ነበር። በእኛም አገር የሽንት ቢልሃርዝያ በአዋሽ ሸለቆ ቆላዎችና በኩርሙክ መኖሩ ከታወቀ ቆይቷል።

አማራጩ ጠባብ ነው። ኬሞቴራፒ ለተለመደው የፊኛ ካንሰር የሚጠቅመውን ያህል ለዚህኛው አይጠቅምም፤ ጨረርም ብቻውን በአብዛኛው አይበቃም። ስለዚህ ሳይሰራጭ ከተደረሰበት ፊኛው ከአካባቢው የሊምፍ ዕጢዎች ጋር ይወጣል፤ ከትንሹ አንጀት በተወሰደ ቁራጭም ለሽንቱ ሆድ ላይ መውጫ ይበጅለታል። (ከአንጀት ምትክ ፊኛ መሥራትም አለ፤ ለሁሉም ግን አይሆንም።) ከዚያች ዕለት ጀምሮ ሰውየው ዕድሜ ልኩን በየጥቂት ቀኑ የሚቀየር ከረጢት ይሻል።

ከረጢት ያጣ ሰው ከገበያም፣ ከቤተ ክርስቲያንም፣ ከመስጊድም፣ ከለቅሶ ቤትም ይቀራል። ይህን አስቀድሞ የተረዳ ገበሬ ቀዶ ሕክምናውን እምቢ ቢል፣ «አላዋቂ» የምንለው በየትኛው አፋችን ነው? በጀት የሚደለድሉ ሹማምንት ከረጢቱን ከማደንዘዣውና ከመስፊያው ክር ጋር በአንድ መዝገብ ያስፍሩት፤ የጤና መድኅኑም እንደ ማንኛውም መድኃኒት ይቁጠረው።