የማይነሣ መኪና ያስቃል

አንባቢ ሆይ፤ የትምህርት ቤት ዕረፍት ወይም የዓመት በዓል በቀረበ ቁጥር በየመሥሪያ ቤቱና በየመምህራኑ ክፍል አንድ ዓይነት ጨዋታ ይነሣል። አንዱ «እገሌ እኮ ሐረር ከተመደበ ሁለት ዓመት ሞላው፤ ለምን ሄደን አንጠይቀውም?» ይላል። ሌላው ደግሞ «የአጎቴ ሚኒባስ ቆሟል፤ ቤንዚኑን ካዋጣችሁ እለምነዋለሁ» ብሎ ተስፋ ይሰጣል። ያን ጊዜ ሁሉም ይስቃል፤ ምክንያቱም የአጎትየው ሚኒባስ «ቆሟል» የተባለው ባለቤቱ ስላቆመው ይሁን ወይም ራሱ ስለቆመ በደንብ የሚያውቅ የለም።

የዛሬው ጨዋታችን ስለዚሁ ነው፤ ይኸውም የሚታመን ወዳጅን በማይታመን መኪና ሄዶ ስለ መጠየቅ ነው። ይህን ገጽ ከምታነቡት መካከል የሚበዙት ተማሪዎችና የመጀመሪያ ደመወዛቸውን ገና በመልመድ ላይ ያሉ የመንግሥት ሠራተኞች ናቸውና፥ በአዲስ መኪና ሂዱ ብዬ ብመክር መቀለድ ይሆንብኛል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ደግሞ አሮጌው መኪና ከቀድሞው ይልቅ ተከብሯል። ስለዚህ ለብዙዎቻችን ምርጫው ሁለት ብቻ ነው፤ በአሮጌው መሄድ ወይም መቅረት።

እኔ መሄድ ይሻላል ከሚሉት ወገን ነኝ። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» የሚለው ተረት እውነትነት አለው። ነገር ግን በአንድ መኝታ ክፍል ያደርን፥ አንዱን መጽሐፍ በፈረቃ ያነበብን ጓደኛሞች ምደባ በየአገሩ ሲበትነን፥ ተረቱን አምነን ከተቀመጥን በጥቂት ዓመት ውስጥ የምንቀረው ከጎረቤት ጋር ብቻ ነው። ቴሌፎን አለ ትሉኝ ይሆናል። ቴሌፎን ድምፅን ያደርሳል፤ የጓደኛችሁ ጫማ ማለቁን፥ ራሱም መክሳቱን፥ ብቻውን መብላት መልመዱን ግን አይነግራችሁም። ይህን የሚያየው ዓይን ነው፤ ዓይን ደግሞ መንገድ ይፈልጋል።

ወደ ሐረር የሚወስደውን መንገድ በምሳሌነት የመረጥሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የምድር ባቡሩ ሐዲድ በመጀመሪያ የታሰበው በሐረር በኩል እንዲያልፍ ነበር። ነገር ግን ተራራው ስላስቸገረና ወጪው ስለከበደ ሐዲዱ በቆላው በኩል ዞሮ በ1895 ዓ.ም. ከተራራው ግርጌ ደረሰ፤ እዚያም መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» የተባለችው፥ ኋላ ድሬዳዋ የሆነችው ከተማ ተቆረቆረች። እነሆ ከዚያን ጊዜ እስከ ዛሬ በባቡር የመጣ ሰው ሐረርን ለማየት የመጨረሻውን 50 ኪሎ ሜትር ያህል በሌላ ነገር መውጣት አለበት፤ አባቶቻችን በበቅሎ፥ እኛ በመኪና።

ያ ዳገት የአሮጌ መኪና መፈተኛ ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል ላይ ስትሆን፥ የደንገጎ ጠመዝማዛ ደግሞ ከ2,000 ሜትር ወደሚያልፍ ከፍታ ያወጣችኋል። በፊዚክስ ክፍል እንደተማራችሁት ከፍታ ሲጨምር የአየር ግፊት ስለሚቀንስ፥ በ2,000 ሜትር ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ93 ዲግሪ ገደማ ነው። የራዲያተሩ ክዳን ደኅና ከሆነ እንፋሎቱን አምቆ ይይዝና ውሃው ቶሎ እንዳይፈላ ያደርጋል፤ የክዳኑ ላስቲክ ያለቀ እንደሆነ ግን መኪናው ከመንገዱ ዳር ሆኖ እንደ ጀበና ይንተከተካል። ያን ጊዜ ሞተሩን አጥፍቶ ከግማሽ ሰዓት ያላነሰ መጠበቅ ነው እንጂ ክዳኑን በጨርቅ ይዞ ለመክፈት መቸኮል ፊትን ማስለብለብ ነው። ሁለት ጀሪካን ውሃ ከድሬዳዋ ይዛችሁ ውጡ። የሐረማያን ሐይቅ ተስፋ አድርጎ መውጣት አያዋጣም፤ ሐይቁ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ደርቆ ነበርና፥ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ውሃ መያዝ ቢጀምርም የሚገኘው ዳገቱ ካለቀ በኋላ ነው።

እኔ ከአምስት ጓደኞቼ ጋር በወጣሁበት ቀን የተበጠሰው ቺንጊያው ነበር። ስፍራው ከደንገጎ ጥቂት አለፍ ብሎ ነው። ሾፌራችን ከአሮጌ ጎማ የወጣ ላስቲክ ቆርጦ ሊቋጥር ሲታገል፥ አህያ የሚነዱ አንድ ሽማግሌ ከአጠገባችን ቆሙ። ከመካከላችን አንዱ ኦሮምኛ የሚያውቅ ነበርና ጨዋታ ተጀመረ።

«ወዴት ናችሁ?» አሉ።

«ሐረር ነን አባቴ፤ ጓደኛችንን ልንጠይቅ።»

«ውይ! ምን ሆነ? ታሟል?»

«አልታመመም፤ ደኅና ነው።»

«ዘመድ ሞቶበት ነው?»

«የለም አባቴ፤ እንዲሁ ልናየው ነው።»

ሽማግሌው ጥቂት ዝም ብለው አዩንና፥ «ደኅና ሰው ለማየት ይህን ያህል የለፋችሁ! ያ ሰው ዕድለኛ ነው» ብለው ከአህያቸው ላይ አንዱን ጀሪካን አወረዱልን። ስለ ውሃው ገንዘብ ብንሰጣቸው አልቀበል አሉ።

አንባቢ ሆይ፤ የእኒህ ሰው ጥያቄ እኛን ሁሉ የሚመለከት ነው። በቋንቋችን «መጠየቅ» የሚለው ቃል የሚቀናው ለበሽተኛ፥ ለእስረኛና ለሐዘንተኛ ነው። ወዳጃችን ሲታመም ብርቱካን ይዘን እንሮጣለን፤ ሲያገባ ካባ ተውሰን እንመጣለን፤ ደኅና ሆኖ፥ ነገር ግን በባዕድ ከተማ ብቻውን ሲኖር የሚጠይቀው የለም። እንግዲህ አሮጌው ሚኒባስ ለዚህ ሥራ ከዋለ የተከበረ ዕቃ ነው። ቢቆምም አብረን እንገፋዋለን፤ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የተባለው ለዚህ ነው።

አሮጌ መኪናን የሚንቅ ሰው ደግሞ ሐረር ሲደርስ ንቀቱን ይተዋል። ፔጆ 404 በፈረንሳይ አገር የተሠራው ከ1960 እስከ 1975 እ.ኤ.አ. ነበር። የተሠራበት አገር ሰዎች ለሙዚየም ሲያስቀምጡት የሐረር ሾፌሮች ግን ከ40 ዓመት በላይ በታክሲነት ሲያሠሩት ኖረዋል። ምንም እንኳ ዛሬ ባጃጅ ቦታውን እየወሰደበት ቢሄድ፥ ያን ያህል ዕድሜ የሰጠው የመካኒኮቹ እጅ ነው። የሞተውን ለሕያው መለዋወጫ እያደረጉ፥ ያልተገኘውን በብየዳና በሞረድ እየተኩ፥ ሞተሩን በድምፁ እያወቁ ነው ያቆዩት። አሮጌ መኪና የሚገድለው ዕድሜ ብቻ አይደለም፤ ከዕድሜ ይልቅ የሚያውቀው ሰው ማጣት ይገድለዋል።

የሐረር ሌላው ትምህርት ከግንቡ ዘንድ ነው። ግንቡ በ16ኛው መቶ ዓመት በአሚር ኑር ዘመን የተሠራው ጆጎል፥ በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። የጥንቶቹ በሮች 5 ናቸው። መኪና የሚገባበት ሰፊ በር ኋላ የተከፈተ ሲሆን፥ በዚያ ገብታችሁ ፈረስ መጋላ ስትደርሱ ግን የመኪናው ክብር ያበቃል። ከዚያ ወዲያ ያሉት መንገዶች ለሰውና ለአህያ የተሠሩ ጠባብ መተላለፊያዎች ናቸው። «መኪና ግርግር» የሚባለውን መንገድ ሰምታችሁ ለመኪና የተሠራ እንዳይመስላችሁ፤ ስሙን ያገኘው ከልብስ ሰፊዎቹ የስፌት መኪና ድምፅ ነው። እንግዲህ በአዲስ ላንድክሩዘር የመጣውም በአሮጌ ሚኒባስ የመጣውም የወዳጁን በር የሚያንኳኳው በእግሩ ሄዶ ነው።

ስለ እንግድነት አንድ ነገር ልጨምር። ስምንት ሆናችሁ ስትሄዱ፥ ስለ ስምንት ሰው ምሳ የሚጨነቅ አንድ ደመወዝተኛ መኖሩን አትርሱ። ከመነሣታችሁ በፊት ደውሉ፤ ስኳርና ዘይት፥ ቢቻል የምትተኙበትን ብርድ ልብስ ጭምር ይዛችሁ ሂዱ። ገና ደንገጎን ስትወጡ «ደርሰናል፤ እዚሁ ነን» አትበሉ፤ ወጥ ይቀዘቅዛል፥ ሰውም ይሰጋል። የጓደኛችሁ አከራዮች የሐረሪ ቤተሰብ ከሆኑ ጫማችሁን አውልቁ። በቤታቸው ውስጥ «ነደባ» የሚባሉት ከፍና ዝቅ ያሉ መደቦች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ስምና ወግ አላቸውና፥ ተቀመጡ እስክትባሉ ድረስ ቁሙ። ሆጃ ሲቀርብላችሁ፥ እርሱም ከወተት ጋር የሚፈላው የቡና ገለባ ነው፥ ሳትቸኩሉ ጠጡ። ሲድኒ ዋልድሮን የሚባለው የአሜሪካ ተመራማሪ የሐረሪዎችን ኑሮ ሲያጠና ማኅበራዊ ሕይወታቸው በሦስት ነገር ላይ እንደቆመ ጽፏል፤ በዘመድ፥ በጓደኝነትና ለሠርግና ለለቅሶ በሚሰበሰበው አፎቻ ላይ። ጓደኝነትን ከዘመድ እኩል ምሰሶ ያደረገ ከተማ ጓደኛ ለመጠየቅ የመጣን ሰው ደስ ብሎት ይቀበላል።

እስካሁን የተናገርሁት ስለ መውጣት ነው። አሁን ስለ መውረድ ልናገር፤ ቀልድም እዚህ ላይ ይቁም። የማይነሣ መኪና ያስቃል፤ የማይቆም መኪና ግን ያስለቅሳል።

ከደንገጎ ወደ ድሬዳዋ መንገዱ በአጭር ርቀት ውስጥ ወደ 800 ሜትር ያህል ያዘቀዝቃል። ሰው የሞላበትን ሚኒባስ በዚያ ቁልቁለት ላይ የሚይዘው ፍሬን ብቻ ከሆነ ፍሬኑ ይግላል፤ ሸራው መያዝ ይቀንሳል። የፍሬን ዘይት ደግሞ በጊዜ ብዛት ከአየር እርጥበት ስለሚስብ ያረጀው ቶሎ ይፈላል፤ አረፋ ሲሆን ፔዳሉ እስከ ታች ይወርዳል እንጂ ጎማውን አይዝም። መድኃኒቱ የታወቀ ነው፤ ዳገቱን በወጣችሁበት ከባድ ማርሽ ቁልቁለቱን ውረዱ፤ ሞተሩ ራሱ ይይዘዋል። ቤንዚን ለመቆጠብ ብሎ ማርሽ አውጥቶ መኪናውን መልቀቅ የአንድ ሊትር ዋጋ ለማትረፍ የስምንት ሰው ነፍስ መያዣ መስጠት ነው። ከአወዳይ ጫት የጫኑ መኪናዎችም እዚያው መንገድ ላይ ይበራሉ፤ ጫት ሲጠወልግ ዋጋው ስለሚወድቅ ይቸኩላሉ። እነርሱን አሳልፉ እንጂ አትሽቀዳደሙ፤ ሲመሽም አትውረዱ።

ከመነሣታችሁም በፊት፥ መካኒክ ሳያስፈልጋችሁ፥ ይህን ፈትኑ። የፍሬኑን ፔዳል ረግጣችሁ አንድ ደቂቃ ያዙት፤ ቀስ እያለ ከሰመጠ አትሂዱ። በጎማዎቹ ውስጠኛ ጎን የዘይት እርጥበት ካያችሁ አትሂዱ። ጥርሱ ባለቀ ጎማ አትሂዱ። ሌላው ሁሉ፥ የማይዘጋው በር፥ የማይነሣው ባትሪ፥ የሚጮኸው ወንበር፥ ከመንገድ ጨዋታ ይቆጠራል።

ይህን ሁሉ የሚያውቅ ብዙ ነው፤ የሚናገር ግን ጥቂት ነው። ምክንያቱም ይሉኝታ ነው። መኪናው የጓደኛችን አጎት ነው፤ ሾፌሩም ጓደኛችን ነው፤ «ፍሬንህ እንዴት ነው?» ማለት ማሳፈር ይመስለናል። እርሱ ሲፈጥን ከኋላ የተቀመጥነው ወንበሩን ጨብጠን እንስቃለን። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው መግለጫ መሠረት በመንገድ አደጋ በዓመት ወደ 1.19 ሚሊዮን ሰው ይሞታል፤ ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት የሆኑትን ሰዎች በመግደልም ከምክንያቶች ሁሉ ቀዳሚው እርሱ ነው። ይህ ዕድሜ የእናንተና የእኔ ዕድሜ ነው።

ስለዚህ፥ አንባቢ ሆይ፥ ወዳጃችሁን ሄዳችሁ ጠይቁ፤ ሳይታመም ጠይቁት፤ በአሮጌውም ቢሆን ሂዱ። ነገር ግን በጉዞው ላይ ካሉት መካከል አንዱ «ቁም» ለማለት የሚደፍር ይሁን፤ እርሱም እናንተ ሁኑ። ባለመኪናው ቢቀየም ድሬዳዋ ስትደርሱ አንድ ብርጭቆ ቀዝቃዛ የሎሚ ጭማቂ ገዝታችሁ ትታረቃላችሁ። ለመታረቅ ግን አስቀድሞ ሁሉም መድረስ አለበት።