የመርካቶ የግንባታ ፈቃድ ከበሩ ይጀምር

አንድ ሕንፃ ከመንገድ ጋር የሚገናኝበት በር የባለቤቱ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በዚያ በር ዕቃ ይገባል፣ ሰው ይወጣል፣ አደጋ ሲደርስም የእሳት አደጋ መኪና የሚጠጋው ወደዚያው ነው። በሩ በየት በኩል ይከፈት፣ ስንት ሜትር ይስፋ፣ ፊት ለፊቱ ያለው ቦታስ ለምን ይዋል የሚሉት ጥያቄዎች የከተማ ፕላን ጥያቄዎች ናቸው። በእንግሊዝ ገጠር አንድ ገበሬ ከማሳው ወደ ዋና መንገድ የሚያወጣ አዲስ በር ለመክፈት ከአካባቢው አስተዳደር የፕላን ፈቃድ ማግኘት አለበት። ትራክተር አልፎ አልፎ ብቻ ለሚወጣበት የማሳ በር እንዲህ የሚጨነቅ አገር ካለ፣ ከየክፍለ ሀገሩ የሚመጣ ነጋዴና ጭነት ከማለዳ እስከ ምሽት የሚጋፋበት የመርካቶ በር ያለ ተቆጣጣሪ መቅረቱ ሊያሳስብ ይገባል።

መርካቶ መንገድ አልባ ሆኖ የተፈጠረ ገበያ አይደለም። ጣሊያን በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ በአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረውን ገበያ ለአውሮፓውያን አስቀርቶ ሐበሻውን ወደ ምዕራብ ሲገፋ፣ አዲስ ከተማ የተባለውን ሰፈር ቀጥ ባሉና እርስ በርስ በሚቋረጡ መንገዶች ከፋፍሎ ነው የተለመው። ትልሙ ዘርን ከዘር ለመለየት የተወጠነ ክፉ ትልም ነበር፤ መንገዶቹ ግን እስከ ዛሬ ገበያውን ተሸክመው አሉ። መጨናነቁ የበረታው ከመንገዶቹ ይልቅ በመንገዶቹ መሀል በቀረው ቦታ ነው። ያ ቦታ በሱቅ፣ በሱቅ ጀርባ በሌላ ሱቅ፣ ከዚያም በመጋዘን እየተሞላ ሲሄድ ወደ ውስጥ የሚያስገቡት መተላለፊያዎች ጠበቡ፤ አንዳንዶቹም ላያቸው በቆርቆሮ ተከደነ። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47 የመንግሥት ሲሆን ለቤቱ ተከራይ ተገኘለት። ለመተላለፊያው ግን “የእኔ ነው” የሚል ጠፋ።

መተላለፊያ እንዴት እንደሚበላ በአንድ ተራ ላይ ቆሞ ማየት ይቻላል። ሱቁ ሲከፈት መጀመሪያ የሚወጣው ዕቃው ነው፤ ጥቅል ጨርቁ፣ ባልዲው፣ ካርቶኑ ደጃፉ ላይ ይደረደራል። ቀጥሎ በረንዳው ላይ ሌላ ነጋዴ ይቀመጣል፤ አንዳንዱም ለሱቁ ባለቤት ኪራይ ይከፍላል። ለፀሐይና ለዝናብ ተብሎ ሸራ ይወጠራል። ሸራው ከርሞ ቆርቆሮ ይሆናል፣ ቆርቆሮው ደግሞ ግድግዳ ያወጣል። አራት ሜትር የነበረው መተላለፊያ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ ሲሆን አጥፊውን ፈልጎ ማግኘት ይቸግራል፤ ሁሉም የወሰደው ስንዝር ስንዝር ነውና። አይሱዙው ወደ ውስጥ መዝለቅ ስለማይችል ዋናው መንገድ ላይ ቆሞ ያራግፋል፤ የቀረውን መንገድ ቦንዳ የተሸከመው ወዛደር “መንገድ! መንገድ!” እያለ ይጨርሰዋል። በአሮጌው ቤት ቦታ የተነሱት ፎቆችም ቢሆኑ ከዚህ ነፃ አይደሉም። ለመኪና ማቆሚያ ተብሎ በፕላን የጸደቀ ምድር ቤት መጋዘን ወይም ሱቅ ሆኖ መገኘቱ ለአዲስ አበባ ነዋሪ እንግዳ ነገር አይደለም። ምድር ቤቱ ሲዘጋ ጭነቱ ተመልሶ አስፋልቱ ላይ ይወርዳል።

የዚህ ሁሉ ዋጋ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት በመርካቶ ሸማ ተራ ታየ። እሳቱ በጨርቅና በፕላስቲክ በታጨቁ ሱቆች መሀል ለሰዓታት ሲነድ፣ የአካባቢው መንገድ ጠባብነትና መጨናነቅ የማጥፋቱን ሥራ እንዳከበደው የከተማዋ ኃላፊዎች በወቅቱ ተናግረዋል። ከዚያ ሁለት ዓመት ተኩል ቀደም ብሎ፣ በመጋቢት 2014 ዓ.ም.፣ የሐርጌሳው ዋሂን ገበያ ሲወድም የተሰማው ምክንያትም ይኸው ነበር። የእሳት አደጋ መኪና ወርዱ ሁለት ሜትር ተኩል ገደማ ነው፤ ለማለፍ፣ በሩን ለመክፈትና ቱቦ ለመዘርጋት ከዚያ የሰፋ ቦታ ይፈልጋል። የእንግሊዝ የሕንፃ መመሪያ ለዚህ መኪና የመንገዱ ወርድ ቢያንስ 3.7 ሜትር፣ በበር በኩል ሲያልፍ ደግሞ 3.1 ሜትር እንዲሆን ይጠይቃል። ብዙ የአሜሪካ ከተሞች የሚከተሉት የእሳት ደንብ ከዚህ ያለፈ ነው፤ ስድስት ሜትር ያህል ይላል። የመርካቶ መተላለፊያዎች የትኛውን መለኪያ ያሟላሉ ብሎ ለመጠየቅ ሜትር መያዝ አያስፈልግም።

ባለቤቶች ለመግቢያ ቦታ የማይተዉበት ምክንያት ግልጽ ነው። ከአሥር ዓመት በፊት እንኳ በመርካቶ የሊዝ ጨረታ ለአንድ ካሬ ሜትር ከ300 ሺህ ብር በላይ ቀርቧል። በዚያ ሒሳብ አራት ሜትር ወርድና ሃያ አምስት ሜትር ርዝመት ያለው ማራገፊያ መተው ማለት ሰላሳ ሚሊዮን ብር መሬት ላይ አስተኝቶ መሄድ ነው። ይህን በራሱ ፈቃድ የሚያደርግ ነጋዴ ብርቅ ነው፤ ቢያደርግም ጎረቤቱ ባዶውን ቦታ ቆሞ አያየውም። ጉዳዩን ለባለቤቶች ቀና ልብ መተው ስለዚህ ከንቱ ነው። ሁሉንም እኩል የሚያስገድድ ደንብ ሲኖር ግን ጉዳቱም ጥቅሙም የጋራ ይሆናል፤ ጎረቤቱ በሩን እንደማይዘጋበት የሚያውቅ ባለሱቅ የራሱን ድርሻ ለመልቀቅ ያን ያህል አይቸገርም።

ሕጋዊው መሣሪያ ደግሞ አዲስ የሚፈጠር አይደለም። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ከመዋቅራዊ ፕላን በታች የአካባቢ ልማት ፕላን እንዲኖር ደንግጓል፤ የሰፈር ውስጥ መንገድ የሚወሰነው በዚያ ደረጃ ነው። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ደግሞ ያለ ፈቃድ ግንባታ እንዳይጀመር ከልክሎ፣ ምድብ “ሐ” ውስጥ የሚገቡት፣ ማለትም ሕዝብ የሚገለገልባቸው ወይም ቁመታቸው ከ12 ሜትር የሚያልፍ ሕንፃዎች የመጠቀሚያ ፈቃድ ሳያገኙ ሥራ እንዳይጀምሩ መርሕ አስቀምጦ ነበር። የመጠቀሚያ ፈቃድ ትልቁ ጉልበት ነው። ሕንፃው ካለቀ በኋላ፣ ተከራይ ከመግባቱ በፊት፣ በወረቀት ላይ የተሳለው በር በእርግጥ መኖሩን ለማየት ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ የለም።

የዚህ ጋዜጣ አቋም በመርካቶ የግንባታ ፈቃድ ከፎቁ ብዛት በፊት በሩ ይመርመር የሚል ነው። ጭነቱን በራሱ ይዞታ ውስጥ የሚያራግፍበት ቦታ ያላሳየ ንድፍ ሊጸድቅ አይገባም፤ ቦታው ትንሽ ለሆነበት ባለይዞታ ደግሞ ከጎረቤቶቹ ጋር በጋራ የሚጠቀምበት ማራገፊያ ይፈቀድለት። የእሳትና አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ቃል በፈቃዱ ሂደት ውስጥ አስገዳጅ ክብደት ይኑረው፤ መኪናው የማይደርስበትን ሕንፃ ከእሳት እንዲያድን መጠየቅ ቀልድ ነው። የመኪና ማቆሚያውን ወደ ሱቅ የቀየረ ሕንፃም የመጠቀሚያ ፈቃዱ ይታገድ፤ መቀጫ ከፍሎ መቀጠል ለብዙዎች ከኪራዩ ጋር የሚደመር ወጪ ሆኗልና። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት ፊቱን ያዞረው በዋናነት ወደ አውራ መንገዶቹ ነው። መርካቶን የሚያንቀው ግን ከአውራ መንገዱ ጀርባ ያለው መተላለፊያ ስለሆነ ቀጣዩ ሥራ ወደዚያ ይግባ።

ይህ ጥሪ በበረንዳ ላይ ነግዶ የሚያድረውን ለማባረር ሰበብ እንዳይሆን ያስፈልጋል። መተላለፊያ ይከፈት በተባለ ቁጥር ደንብ አስከባሪ ቀድሞ የሚያነሳው በላስቲክ ላይ የተዘረጋውን ካልሲ ነው፤ ላዩን በቆርቆሮ የከደነው ባለመጋዘን ብዙ ጊዜ አይነካም። ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት። ቋሚው ግንባታ መጀመሪያ ይፍረስ፣ አነስተኛው ነጋዴ በስም የሚታወቅ ምትክ ቦታ በዚያው ተራ ይሰጠው፣ ጫኝና አውራጆቹም የት ቢራገፍ እንደሚሻል ይጠየቁ፤ የትኛው በር በስንት ሰዓት እንደሚታነቅ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

የሸማ ተራው ቃጠሎ ቦታ ላይ የሚሠራው ሁሉ ለዚህ የመጀመሪያው መለኪያ ነው። የግንባታ ፈቃድና ቁጥጥር ባለሥልጣን በዚያ ለሚሰጠው ፈቃድ የመግቢያውን ንድፍ በአደባባይ ለጥፎ ነጋዴውና ጎረቤቱ አይተው አስተያየት እንዲሰጡበት ያድርግ።