ስለ ምጥ ሕመምና ስለ ትንፋሽ

«ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» ይባላል። ስለ ምጥ ለመጻፍ ብዕር ስናነሣ ይህ ተረት እንደሚነገርብን እናውቃለን። ነገር ግን የዛሬው ምክራችን ከወላዲቱ ይልቅ ለባልና ለቤተ ዘመድ ነውና የተከበሩ አንባቢዎቻችን እስከ ፍጻሜው እንዲታገሡን እንለምናለን።

ከላሊበላ ከተማ ተነሥቶ ወደ አሸተን ማርያም ዳገቱን የወጣ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ከቈላ የመጣው እንግዳ ይቸኩላል፤ ጥቂት እንደ ሄደም ትንፋሹ ይቈራረጣል፤ ጕልበቱም ይከዳዋል። የላስታ ሰው ግን አገሩን ከመልመዱ ሌላ ርምጃውን ከትንፋሹ ጋራ እያስማማ በዝግታ ይወጣል። ዳገቱ አንድ ሲሆን የሚሰማቸው ድካም አንድ አይደለም።

ምጥም እንዲሁ ዳገት ነው፤ ሕመሙ ቀስ እያለ ይወጣል፤ ከጫፍ ይደርሳል፤ መልሶም ይወርዳል። እንግሊዛዊው ሐኪም ግራንትሊ ዲክ ሪድ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1933 ባሳተመው መጽሐፍ ፍርሀት ሰውነትን እንደሚያኰማትር፣ የተኰማተረ ሰውነትም ሕመሙን እንደሚያበዛ ገለጠ። ፈረንሳዊው ሐኪም ፈርናን ላማዝም በ1951 ወደ ሶቪየት ኅብረት ሄዶ ነፍሰ ጡሮች ለምጥ አስቀድመው ሲሠለጥኑ አይቶ ትምህርቱን ወደ ፓሪስ አመጣው። በ1965 ደግሞ ሮናልድ ሜልዛክና ፓትሪክ ዎል የተባሉ ሊቃውንት፣ የሕመም መልእክት ወደ አንጎል ሲያልፍ በአከርካሪ ውስጥ እንደ በር የሚከፈትና የሚዘጋ ነገር አለ፤ የሰው አሳብና ስሜትም በሩን ያጠብበዋል ወይም ያሰፋዋል የሚል ትምህርት አቀረቡ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2018 ባወጣው መመሪያ፣ ጤነኛ የሆነች ወላድ ከፈለገች፣ አተነፋፈስን ሕመም ከሚያቀልሉት ዘዴዎች መካከል ቈጥሮታል።

በአገራችንም ሴቶች ተሰብስበው «ማርያም፣ ማርያም» እያሉ ወላዲቱን ያግዛሉ። ስሙን በረጅሙ የምትጠራ ሴት ሳታውቀው ትንፋሿን በረጅሙ ታወጣለች፤ በረጅሙ የወጣ ትንፋሽም የልብን ምት ያረጋጋል። ልማዱ መልካም ነው፤ የሚጎዳው ግን ሁሉም ባንድነት እየጮኸ ሲያጣድፋትና ሲያስፈራራት ነው።

ስለዚህ ባል ወይም እናት፣ ቀኑ ሳይደርስ ገና በእርግዝናዋ ጊዜ፣ ከእርሷ ጋራ ይህን ይለማመዱ። በአፍንጫዋ እስከ አራት ተቈጥሮ ቀስ ብላ ትሳብ፤ በአፏም እስከ ስድስት ተቈጥሮ ታውጣ፤ ትከሻዋንና መንጋጋዋን ታላላ። ምጡ ሲነሣ ይህን ታድርግ፤ ሲተዋት ትረፍ። ከንፈሯን ወይም ጣቶቿን ቢነዝራት አተነፋፈሷ ፈጥኗልና ታዝግም። የመግፋት ጊዜ ሲደርስ ግን የአዋላጇን ትእዛዝ ትከተል። ብትጮኽም ነውር አይደለምና ማንም አይገሥጻት።

ይሁን እንጂ ትንፋሽ ሕመምን ለመቻል ይረዳል እንጂ ሕመሙን ፈጽሞ አያጠፋም፤ የሐኪምንም ሥራ አይተካም። ደም ቢበዛባት፣ ቢያንዘፈዝፋት ወይም ምጡ ከ12 ሰዓት ቢያልፍ «ታግሣለች፤ ደኅና ናት» ብሎ መቈየት ነፍስን ማጥፋት ነው። በላስታ ተራራማ አገር መንገዱ አድካሚ ስለ ሆነ፣ ቤቷ ከጤና ጣቢያ የራቀ እርጉዝ ቀኗ ሳይደርስ የእናቶች ማቆያ ወዳለበት ጤና ጣቢያ ብትሄድ ይሻላል።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ» ለማለት የሚናፍቅ ባል፣ እንግዲህ አስቀድሞ ከአጠገቧ ተቀምጦ ትንፋሿን ይቍጠርላት፤ የምትሄድበትንም መንገድ ያዘጋጅላት።