ልጅ ያቦካውን ጭቃ እንየው

ለነቀምቴና ለመላው ወለጋ ወላጆች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣

ባለፈው ክረምት የስምንት ዓመት ልጄን ጓሮ አገኘሁት። የሞተ ስልክ በድንጋይ ፈልጦ፣ ሆድ ዕቃውን በቀዩ ጭቃ ላይ ደርድሮታል። «ከተማ ነው፤ ይኼ መናኸሪያው፣ ይኼ ገበያው» አለኝ። እኔ ግን ያየሁት ያበጠውን ባትሪ ብቻ ነበር። ቀማሁት፣ ተቆጣሁት፣ ከተማውንም በእግሬ በተንኩት። ልጁ አለቀሰ። ይህን የምጽፍላችሁ ያን ቀን በግማሹ ልክ፣ በግማሹ ስህተተኛ ስለነበርኩ ነው።

ባትሪውን መቀማቴ ልክ ነበር። የስልክ ባትሪ ሲወጋ ወይም ሲፈለጥ ሊነድ ይችላል። የሰዓትና የመጫወቻ ትንሿ ክብ ባትሪ ከተዋጠች በሁለት ሰዓት ውስጥ ጉሮሮን ክፉኛ ልታቃጥል ስለምትችል፣ ልጁን ወዲያውኑ ሐኪም ቤት ማድረስ ያስፈልጋል። ወለጋ ባለፉት ዓመታት ያየችውን ግጭትም አንረሳም፤ ሜዳ ላይ የተገኘ ያልታወቀ ብረት አይነካም፣ አይወረወርም፤ ለአዋቂ ይነገራል። ይህን ለልጆቻችን ደጋግመን እንንገራቸው።

ከተማውን መበተኔ ግን ስህተት ነበር። የአዲስ አበባው ሠዓሊና ቀራፂ ኤልያስ ስሜ ከመርካቶ የሚሰበስበው ልጄ የደረደረውን ዓይነት ነገር ነው፤ የተጣለ የኮምፒውተርና የስልክ አካል፣ ባለቀለም ሽቦ። ሽቦውን እየጎነጎነ፣ ቁርጥራጩን እየገጣጠመ የሚሠራቸው ግዙፍ ሥራዎች ከሩቅ ሲታዩ ከአውሮፕላን ቁልቁል የታየ ማሳ ወይም ከተማ ይመስላሉ። እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካ ተከፍቶ በኋላም ካናዳ ቶሮንቶ የታየው ዐውደ ርእዩ ስሙን ያገኘው ሰው በአየር ላይ ከሚራመድበት ውጥር ገመድ ነው። ጨዋታና አደጋ በአንድ ገመድ ላይ ይሄዳሉ፤ ሚዛን መጠበቅ የሚማረውም የሚራመደው ሰው ነው።

ይኸው ኤልያስ ከዐውደ ርእይ አዘጋጇ ከመስከረም አሰግድ ጋር በ2011 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ለሕዝብ የከፈተው ዞማ ሙዚየም ግድግዳው ጭቃና ጭድ ነው። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ብለን የምንንቀው ጭቃ እዚያ ሰው ከሩቅ አገር መጥቶ የሚያየው ጥበብ ሆኗል።

ኢየሩሳሌም ውስጥም ኒኪ ደ ሴን ፋል የተባለች ቀራፂ እ.ኤ.አ. በ1972 ለልጆች መጫወቻ ጥቁርና ነጭ ጭራቅ አቁማለች። ሦስቱ ቀያይ ምላሶቹ ልጆች የሚንሸራተቱባቸው ናቸው። ያኔ «ልጆችን ያስደነግጣል» ብለው የተቃወሙ ነበሩ። እሷ ደግሞ አስፈሪ ነገር ልጆች ፍርሃታቸውን እንዲያሸንፉ ይረዳል ብላ ታምን ነበር። ልጆች ከሃምሳ ዓመት በኋላም ከጭራቁ አፍ እየሳቁ ይወርዳሉ።

እናም ሦስት ነገር እለምናችኋለሁ። አንደኛ፣ የሞተ ስልክንና የባትሪ ድንጋይን ልጅ ከማይደርስበት አኑሩ። ሁለተኛ፣ የምትቀሙትን ተኩለት፤ ጭቃ፣ ቆርኪ፣ የበቆሎ አገዳ፣ የአሮጌ ሸበጥ ቁራጭ በየቤታችን አለ። ልብስ ቢቆሽሽ ይታጠባል። ሦስተኛ፣ የሠራውን ከመጥረጋችሁ በፊት «ይኼ ምንድነው?» ብላችሁ ጠይቁት። አንድ ቅዳሜም ወደ ወለጋ ሙዚየም ይዛችሁት ሂዱ፤ አያቶቹ በእጃቸው ምን ይሠሩ እንደነበር ይይ።

እኔ ልጄን ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። ከተማዋን አብረን እንደገና ሠራናት፤ መናኸሪያዋ ከቆርኪ፣ ገበያዋ ከአገዳ። ጭቃውን ያቦካው እሱ ነው። ዝናቡ እንዳይወስዳት በረንዳ ላይ ቆርቆሮ ሥር አኑረናታል፤ ማታ ከሥራ ስገባ መጀመሪያ የማየው እሷን ነው።

አክባሪያችሁ፣
አንድ የነቀምቴ አባት