ብረት ለፕላስቲክ ቦታ ሲለቅ፦ የተሳፋሪ ደኅንነት በናይሮቢ

ኬንያ በሕዝብ ማመላለሻ ተሽከርካሪዎች ላይ የደኅንነት ቀበቶና የፍጥነት መገደቢያ ግዴታ ያደረገችው እ.አ.አ. በ2004 ነው። በወቅቱ የትራንስፖርት ሚኒስትር በነበሩት በጆን ሚቹኪ ስም የሚጠራው ደንብ ሥራ ላይ ከዋለ ሁለት ዐሥርት ዓመታት ቢያልፉም፣ የመንገድ አደጋ በቅርብ ዓመታት በየዓመቱ ከ4 ሺሕ በላይ ሰዎችን ገድሏል። በዚህ መካከል አንድ ለውጥ ብዙም ሳይስተዋል ዘልቋል፦ በመኪና ውስጥ ሰውን ከጉዳት የሚጠብቁ አካላት ከብረት ወደ ፕላስቲክ እየተሸጋገሩ ነው።

በዳሽቦርዱ ውስጥ የተሳፋሪውን ኤርባግ የሚይዘው ሳጥን ቀድሞ ከብረት ወይም ከአሉሚኒየም ይሠራ ነበር። ዛሬ በብዙ ሞዴሎች የሚሠራው በመስታወት ቃጫ ከተጠናከረ ናይለን ነው። ቴርሞፕላስቲክ ከሚባሉት ወገን የሆነው ይህ ቁስ ቀልጦ በቅርጽ ማውጫ ውስጥ ስለሚፈስ፣ ከብዙ የብረት ቁራጮች ተበይዶ ይሠራ የነበረውን አካል አንድ ወጥ ማድረግ ያስችላል። መጠኑ እኩል ከሆነ ብረት ጋር ሲመዘን ክብደቱ አንድ ስድስተኛ ያህል ብቻ ነው።

ፕላስቲክ በመሆኑ ብቻ ግን ደካማ አይባልም። የመኪና ውስጥ አካላትን የሚመለከተው የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 21 ጭንቅላት ዳሽቦርድን ሲመታ የሚደርስበትን ኃይል ይለካል እንጂ ቁሱን አይመርጥም። ቀበቶው ከመኪናው ጋር የሚታሰርባቸው ብሎኖችና የመቆለፊያው ምላስም ዛሬም ብረት ናቸው።

አሳሳቢው ጉዳይ መኪናው ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ ያለው ዕድሜው ነው። ወደ ኬንያ ከሚገቡት መኪኖች አብዛኞቹ ያገለገሉ ሲሆኑ፣ ሕጉ እስከ 8 ዓመት ዕድሜ ያላቸውን ይፈቅዳል። ከዚያም ለብዙ ዓመታት ይነዳሉ። ብረት ሲያረጅ ይዝጋል፣ ሲመታ ይጎብጣል፤ ጉዳቱን ዐይን ያየዋል። ናይለን ግን ለረጅም ጊዜ ሙቀት ሲፈራረቅበት እየደረቀ ይሄዳል፤ ስንጥቁም ከሽፋን ሥር ሊደበቅ ይችላል።

ጥገናውም ሌላ ፈተና ነው። በናይሮቢ ግሮጋን ሰፈር የሚሠሩት፣ በስዋሂሊ "ብርቱ ፀሐይ" የሚል ትርጉም ባለው "ጁዋ ካሊ" በሚለው ስያሜ የሚታወቁት ባለሙያዎች በብየዳ የተካኑ ናቸው። የተሰነጠቀ የኤርባግ ሳጥን ግን በሙጫም ሆነ በጋለ ብረት ቢጣበቅ የቀድሞ ጥንካሬውን አያገኝም። ኤርባጉ በቅጽበት ሲፈነዳ ሳጥኑ ካልቻለው፣ ትራሱ ወደ ተሳፋሪው በትክክል ላይዘረጋ ይችላል።

ጉዳዩ ኢትዮጵያንም ይመለከታል። አዲስ አበባ በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከልክላለች፤ ናይሮቢም ከ2022 ጀምሮ የኤሌክትሪክ አውቶቡሶችን እያሰማራች ነው። የባትሪው ክብደት ሌላውን አካል የማቅለል ግፊት ስለሚፈጥር፣ የፕላስቲኩ ድርሻ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

መፍትሔው ፕላስቲክን መሸሽ አይደለም። ብዙዎቹ አካላት ላይ የቁሱ ዓይነትና የተመረቱበት ጊዜ ታትሞ ስለሚገኝ፣ መርማሪም ሆነ መካኒክ ይህን ማንበብ ይችላል። ከተጋጨ መኪና የተነቀለ የደኅንነት አካል ለሽያጭ እንዳይቀርብ፣ የተሰነጠቀውም ተጠግኖ ሳይሆን በአዲስ እንዲተካ ማስገደድ ይቻላል። በ2004 "ቀበቶ አለው ወይ?" ብሎ መጠየቅ ትልቅ እርምጃ ነበር። ዛሬ ግን ቀበቶውንና ኤርባጉን የያዘው አካል ከዓመታት አገልግሎት በኋላ የአደጋውን ኃይል ይችል እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል።