ዋጫ ላይ ዕጩው የማንን ቤት ያንኳኳል?

ከቦንጋ ወደ ሚዛን በሚወስደው መንገድ ዋጫ ስንደርስ የጨና ወረዳ መቀመጫ ላይ ነን። ቡና፣ ማርና ቅመም ያለበት፣ አብዛኛው ሰው ገበሬ የሆነበት አገር ነው።

መስከረም 20 ቀን 2014 ካፋ ከሸካ፣ ከቤንች ሸኮ፣ ከዳውሮ፣ ከምዕራብ ኦሞና ከኮንታ ጋር በሕዝበ ውሳኔ 11ኛውን ክልል መረጠ። ቦንጋም ከክልሉ መዲናዎች አንዷ ሆነች። ድሮ የክልል ጉዳይ ያለው ሰው ሐዋሳ ድረስ ይጓዝ ነበር። ስለዚህ "ቢሮ ቀረበልን" የሚለው ደስታ እውነት ነው።

ግን ቢሮ መቅረቡ ሰውን ከሰው አያቀርብም። የማንጃ ማኅበረሰብ በካፋ ለዘመናት አብሮ ከመብላትና ከመጋባት ተገልሎ ኖሯል፤ ስሙ የሚነሳው እንጨትና ከሰል ሲሸጥ ነው። እየተለወጠ ነው፣ ግን አልጠፋም።

ይሄ ከምርጫ ጋር ምን አገናኘው? ነገሩ እንዲህ ነው፦ በእኛ ሥርዓት በአንድ ድምፅም ቢሆን የበለጠው ወንበሩን ይወስዳል። ቁጥሩ ያነሰና ተበታትኖ የሚኖር ሕዝብ ብቻውን ማንንም አያስመርጥም። ዕጩው እሱን ዘሎ ማሸነፍ ይችላል። ምርጫ ጣቢያ ላይ ድምፁ እኩል ነው፤ ቡና ላይ ግን ስኒው ይለያል።

ዕጩ ሲመጣ ስለ መንገድና ኔትወርክ እንጠይቃለን፣ ጥሩ ነው። "ማንጃ ቤት ገብተው ቡና ጠጥተዋል ወይ?" ብለንም እንጠይቅ። ከዚያ በፊት ግን፣ እኛስ ጠጥተናል?